ፎገራ በስንት ቀለም

ፎገራ ምን ዓይነት ቀለም አለው? በነሐሴ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ያለፈ መንገደኛ ውኃ ነው ይላል። በኅዳር ያለፈው ሩዙ ደርሶ አይቷልና ቢጫ ነው ብሎ ይምላል። በጥር የመጣው በርብና በጉማራ ዳር በሞተር የሚጠጣውን ሽንኩርት አይቶ አረንጓዴ ነው ይላል፤ በሚያዝያ የመጣው ደግሞ ዋልካው እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ስለሚያገኘው ጥቁር ከማለት ወደ ኋላ አይልም። አራቱም እውነታቸውን ነው። ተካሰው ፍርድ ቤት ቢቆሙ ዳኛው ቀጠሮ ከመስጠት ሌላ የሚያደርገው የለም።

እኔ ግን ቀጠሮ የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ወረታ ላይ ባነር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድና የሱቅ ታፔላ እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ሶፍትዌር ተምሮ ሲመለስ እንደ ጓደኞቹ የመሥሪያ ቤት ዌብሳይት ይሠራል ብለን ስንጠብቅ፣ የጦርነት ጌም ነው የምሠራው አለ። እናቱ ደነገጠች። «ጦርነት አነሰንና ነው?» አለችው። ልጁም ጦርነቱ ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ያለፈው መሆኑን፣ በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ እንደሚካሄድ፣ የሞተውም ሁሉ በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ እንደገና እንደሚሰለፍ አስረዳት። «እንዲህ ዓይነቱንማ ምነው ቀደም ብላችሁ በሠራችሁት» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ኮዱን እሱ ይጽፋል፤ ካርታውን እኔ እስላለሁ። ክፍያውን ገና እየተነጋገርንበት ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ዓይኖች ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ጦር በየተራው የተወሰነ የጉዞ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ደልዳላ ሜዳ አንድ ነጥብ ይበላል፣ ኮረብታ ሁለት፣ ረግረግ አራት፣ ሐይቅ ደግሞ ጨርሶ አያስገባም። ስድስት ጎን መሆኑ ለጌጥ አይደለም። እንደ ዳማ አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ በሰያፍ የሚጋልብ ፈረሰኛ በዚያው በአንድ ነጥብ አርባ አንድ በመቶ ትርፍ መንገድ ይሄድ ነበር። አቫሎን ሂል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የጌቲስበርግን ጦርነት ጨዋታ በባለ ስድስት ጎን ካወጣው ወዲህ የዚህ ሙያ ሰዎች ከዚህ ቅርጽ አልተላቀቁም።

እንግዲህ አንዱን ዓይን አረንጓዴ ቀብቼ ሜዳ ነው ካልኩ ፈረስ ያልፍበታል፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጨምሬ ረግረግ ነው ካልኩ ፈረሱ እዚያው ይቀራል። ተጫዋቹ ጀግና ነኝ ብሎ ከመነሣቱ በፊት ማን የት ሊደርስ እንደሚችል እኔ ጋ፣ ከባነር ማተሚያው ጎን ባለው ወንበር ላይ ተወስኖ አድሯል። ራሱን የጦር አዛዥ ያደረገ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ለሠዓሊ ከወንበሩ በተነሣ ነበር።

በካርታ ላይ መዋጋትን ሥርዓት ያስያዙት ፕሩሲያዎች ናቸው። ቮን ራይስቪትስ የተባለ ባላባት እ.ኤ.አ. በ1812 ተራራውና ወንዙ እየተነሣ የሚገጣጠም ትልቅ ጠረጴዛ ለንጉሡ አበረከተ፤ መኮንኑ ልጁ ደግሞ በ1824 ጠረጴዛውን ትቶ በ1 ለ8,000 መጠን በተነሣ እውነተኛ ካርታ ላይ የሚሠራበትን ደንብ አወጣ። እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አልነበርንም። በአገራችን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እጁ እንደፈጠነለት ያንቀሳቅሳል። ይህንን ክፍል ወረራ ይሉታል። የዛሬ ልጆች «ሪል ታይም» እያሉ የሚኮሩበትን ነገር የጥንት መኳንንት ቀይ ጨርቅ ላይ ጨርሰውታል። ያ ጨርቅ ታዲያ ከተሰመረበት መስመር በቀር ሌላ ቀለም አልነበረውም፤ እንደ ፈረንጁ ቼዝ አንዱ ዓይን ነጭ፣ አንዱ ጥቁር አይባልም። ሠዓሊ አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም።

የውጭዎቹን ጌሞች እሱው አሳየኝ። ኢትዮጵያ ያልገባችበት የለም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ውስጥ ገብታለች፤ በ2022 «ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» የጣሊያንን ወረራ ዘመን ሰፋ አድርጎ አምጥቷታል። በ2020 ደግሞ «ሲቪላይዜሽን 6» ውስጥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቁጭ ብለዋል። እዚያ ላይ ግን ቅር አለኝ። የምኒልክ ጥቅም በሙሉ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከተማቸውን ኮረብታ ላይ ከቆረቆሩ ዕውቀትና ባህል ይጨመርላቸዋል፤ ወታደሮቻቸውም ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ይበረታሉ። ሜዳ ላይ ለሰፈረ ኢትዮጵያዊ ምንም አልታሰበለትም። ፎገራ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይህን ጌም ሲጫወት አገሩን በተራራ ቀምተውታል። የቀለማቸውንም ነገር እንተወው፤ የአውሮፓውን ሣር እንደ ሰላጣ አረንጓዴ ያደርጉትና አፍሪካ ሲደርሱ እጃቸው ሳያውቀው ወደ ቢጫው ብልቃጥ ይሄዳል።

ዘመኑን የመረጠው ልጁ ነው። የቅርቡን ጦርነት ወረታ ውስጥ ማንም በስክሪን ደግሞ ሊያየው አይፈልግም። ስለዚህ ርቆ ሄደና 1535 ዓ.ም. ላይ አረፈ። በዚያ ዓመት የካቲት ወር ዐፄ ገላውዴዎስ፣ አዛዣቸው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ከተገደለባቸው ፖርቱጋሎች ጋር ሆነው፣ ከጣና በስተምሥራቅ ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር ገጠሙ፤ ኢማሙም እዚያው ወደቁ። ስፍራው በትክክል የቱ ጋ እንደሆነ ምሁራን ዛሬም አልተስማሙበትም። ይህንን ወረታ ውስጥ ቡና ቤት ካነሣኸው ጦርነቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። አንዱ ከአያቴ ማሳ አጠገብ ነው ይላል፤ ሌላው የለም ከእኛ በላይ ነው ይላል፤ ሦስተኛው የሰይፍ ስባሪ እቤቴ አለ ይላል። አምጣው ሲሉት ማጭድ ይዞ ይመጣል። እኛ ክርክሩን ሸሸንና ካርታውን ሰፋ አድርገን ከሐይቁ እስከ ጉና ግርጌ ያለውን ሁሉ አስገባነው። ጦርነቱ የት እንደሚሆን ተጫዋቹ ይወስን።

ዘመኑ ከታወቀ በኋላ የሥራዬ ትልቁ ክፍል መሳል ሳይሆን ማጥፋት ሆነ። የሳተላይቱን ምስል ከታች አንጥፌ፣ በላዩ ላይ በ1535 ያልነበረውን ሁሉ እያነሣሁ መጣል ያዝኩ። አስፋልቱ ሄደ። ባሕር ዛፉ ሄደ፤ በምኒልክ ዘመን የመጣ ነው። የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ እንኳ ገና አልተሠራም፤ ሄደ። ሩዙም ሄደ። ፎገራን ያለ ሩዝ ማሰብ ለዛሬ ሰው ይከብዳል፤ እንጀራው ውስጥ ሳይቀር አለ። ነገር ግን ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የመጣው በ1970ዎቹ ነው፤ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሙከራ ጋር ይያያዛል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ከዚያ በፊት ሜዳው የከብት ነበር። እኔም ሩዙን እያነሣሁ በምትኩ ሣር አለበስኩት፤ ሐይቁ ዳር ዳር ደንገል ተከልኩ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ እምቦጩ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ይዞ አልለቅ ያለው አረም በሳተላይቱ ምስል ላይ የሐይቁን ዳርቻ አረንጓዴ አድርጎት ይታያል። ለጌም ሠሪም ፈተና ነው፤ ውኃ እንዳይባል ታንኳ አያሳልፍም፣ የብስ እንዳይባል ፈረስ አይረግጠውም። ስንት ገበሬ በዘመቻ እየወጣ፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለውን አረም እኔ በማውዝ ከበብኩትና አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ። ድምጥማጡ ጠፋ። መብራት እስኪሄድ ድረስ ጣና ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላ የወረታ ተራ ደረሰ። ወረታ የመገንጠያ ከተማ ናት፤ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚሄደው ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ደረቅ ወደብ አላት፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፣ መፈልፈያዎቿ ጧት ማታ ይጮኻሉ። በ1535 ግን መገንጠያም መፈልፈያም የለም። አነሣኋት። ጎረቤቴ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ባነር ሊያሠሩ ገብተው ስክሪኑን ትክ ብለው አዩት።

«ወረታ የታለች?» አሉ።

«በዚያን ዘመን ከተማዋ አልነበረችም፣ ጋሼ።»

«አንተ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ እንዴት አወቅህ?»

መልስ አጣሁ። መፈልፈያቸው ያለበትን ቦታ ብቻ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ሰማያዊ ነጠብጣቡ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ረግረግ ነው አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና መሬታቸውን ለባንክ ብድር ዋስትና ሊያስይዙት ያሰቡ መሆናቸውን፣ ይህ ነገር ስልክ ላይ ወጥቶ የባንክ ሰው ቢያየው ኃላፊነቱ የማን እንደሚሆን በትሕትና ጠየቁኝ። በማግስቱ ዕድርተኞቻችንም ሰምተው መጡ። ነገሩ ሽማግሌ ሊያስቀምጥ ሲል እዚያ ዓይን ላይ አንዲት ድንኳን ሳልኩና ከሥሯ ወረታ ብዬ ጻፍኩ። ታሪክ ጸሐፊ ቢጠይቀኝ ድንኳኗ የግለሰብ ናት እላለሁ።

ሜዳን ከፍታ ማስያዝ ሌላው መከራ ነው። ቁጥሩን የምናገኘው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ምድርን እየዞረ በራዳር ከለካው መረጃ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ በየሠላሳ ሜትሩ አንድ ከፍታ ይሰጣል። ለተራራ አገር ግሩም ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የጣና ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሐይቁ ወደ ወረታ ስትመጣ ግን ከፍታው የሚጨምረው በጣት እየተቆጠረ ነው። በ1 ለ50,000ው የአገራችን ካርታ ላይ የከፍታ መስመር በየሃያ ሜትሩ ስለሚሰመር አንድ መስመር ፍለጋ ስትሄድ ውለህ ታመሻለህ። ሜዳው ላይ የሆነ ነገር እንዲታይ ከፈለግክ ከፍታውን አሥር እጥፍ አጋንነህ መሳል ግድ ነው። ሳጋንነው ከሜዳው መሐል አንድ ኮረብታ ብቅ አለ። ስንወለድ ጀምሮ የምናውቀው ሜዳ ላይ ኮረብታ! ልጁ ደስ አለው፤ መድፍ እናስቀምጥበት አለ። ቦታውን ባጣራው የአንድ ሰው የባሕር ዛፍ ተክል ነው። ራዳሩ የሚለካው አፈሩን ብቻ ሳይሆን የዛፉንም ጫፍ ጭምር ነው። ባሕር ዛፉን ከምስሉ ላይ ነቅዬ ብጥለው ከፍታው ውስጥ ተደብቆ ጠበቀኝ።

የተራራው ጥላ ደግሞ በካርታ ሠሪዎች ወግ ብርሃኑ ከግራ ከላይ፣ ማለትም ከሰሜን ምዕራብ እንደሚመጣ ተደርጎ ይሳላል። ደንቡን ያወጡት አውሮፓውያን ናቸው፤ በእነሱ አገር ግን ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታይታ አታውቅም። እኛ ዘንድ ትታያለች። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች። ስለዚህ የእነሱ ጥላ በእኛ አገር ቢያንስ ለአራት ወር እውነት ነው ብዬ ተደሰትኩ። የአራቱ ወር ግማሽ ክረምት ነው፤ ፀሐይዋን በዚያ ደመና ውስጥ ማን አይቷት እንደሚመሰክርልኝ እንጃ።

ካርታው አለቀ ባልኩበት ሰሞን አማቴ ገበያ ወጥተው እግረ መንገዳቸውን ገቡ። ወደ ሐይቁ በኩል፣ ከናበጋ አቅራቢያ ያርሳሉ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከልጁ ጎን ተቀመጡና ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ሄዱበት።

«ይሄ መቼ ነው?» አሉ።

«1535 ዓ.ም. ነው፣ አባባ።»

«ዓመቱን አልጠየቅኩህም፤ ወሩን ነው።»

ልጁ ጌም ውስጥ ወር የሚባል ነገር እንደሌለ፣ መሬቱ አንድ ጊዜ ከተሳለ እንዲያው እንደሚቀመጥ አስረዳ። አማቴ እንዲያው የሚቀመጥ መሬት የት እንዳየ ጠየቁት። ከዚያ በጣታቸው እየነኩ ይነግሩን ጀመር፤ ስክሪኑ ላይ የጣታቸው አሻራ እስከ ዛሬ አለ። ይሄኛው ዓይን በየካቲት ውኃው ሸሽቶለት ከብት የሚሰማራበት ነው። በሚያዝያ ዋልካው ይሰነጠቃል፤ ፈረስ በሩጫ ከገባበት እግሩን ይሰብራል። ከሰኔ በኋላ ያው ዋልካ ጫማ ይቀማል። ከነሐሴ በኋላ በታንኳ ነው። «አንድ ሜዳ ላይ አራት አገር አለ፤ አንተ አንዱን ብቻ ሳልክ» አሉኝ። አማት አይመለስለትም፤ ዝም አልኩ።

ወደ ርብ ሲደርሱ ጭራሽ ሳቁ። በዚህ ጌም ወንዝ የሚሳለው በሁለት ዓይኖች መካከል ባለው ድንበር ላይ ነው፤ ልክ እንደ ማሳ ወሰን። «ርብን ወሰን አደረግኸው?» አሉ። ርብም ጉማራም ከጉና በኩል ተነሥተው ይመጣሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ይደክሙና የተሸከሙትን ደለል ያራግፋሉ። የርብ ወለል በደለሉ ከፍ እያለ ስለሚሄድ ክረምት ላይ ሲሞላ ከቦዩ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚነግረው የለም። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ሲነሣ አማቴ ሳቃቸውን አቆሙና ከብቱን ወደ ደጋው እንዴት እንዳወጡ ነገሩን። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

«ከብቱስ የታለ?»

ከብት አልነበረም። ፈረሰኛ፣ ነፍጠኛ፣ ድንኳን፣ መድፍ ሁሉ አለ፤ በከብቱ ስሙ በተጠራ አገር ላይ አንዲት ላም አልነበረችም። ሠራዊት የሚበላውን ከየት እንደሚያመጣ ሲጠይቁት ልጁ በጌሙ ውስጥ ስንቅ የሚባል ቁጥር እንዳለ፣ በየተራው በራሱ እንደሚጨምር ነገራቸው። ቁጥር በላሁ ብሎ የተዋጋ ሰው ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩት። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጡ ከብቱ ገብቷል፤ እኔ ቀንዱን አጠር አድርጌ፣ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር አድርጌ ሳልኩት። ወሩም ገብቷል። ልጁ ገላውዴዎስን ያዘ፤ አማቴ ማንን እንደያዙ አላወቁትም፣ ከብቱን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። በሰኔ ከብታቸውን ወደ አለም በር በኩል አወጡት። የልጁ ፈረሰኛ ወደ ሐይቁ ዳር ገሠገሠ፤ ሐምሌ ገባ፤ ፈረሰኛው በአራት ነጥብ ረግረግ ውስጥ ቀረ።

«አባባ፣ ምነው አይወጉኝም?» አለ ልጁ።

«በክረምት ማን ይዘምታል? ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ» አሉና ቡናቸውን ጠጡ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ ተሸንፎ ለየወሩ አንድ ካርታ ይሳል ብሏል። ዋጋውንም በካርታ ተስማማን፤ አሥራ ሁለት ካርታ፣ አሥራ ሁለት ክፍያ። ይህን ሲሰሙ አማቴ ቀና አሉ። «ጳጉሜንስ?» አሉ። ልጁ የነሐሴን ካርታ እንደግመዋለን አለ። ውኃው በነሐሴና በጳጉሜን መካከል ምን ያህል እንደሚገፋ ከማሳቸው አጥር እየቆጠሩ አስረዱት፤ አሥራ ሦስተኛው ካርታ ጸደቀ። ልጁ ግን ኮድ የሚጽፍ ነውና የወሩን ክፍያ ለሠላሳ አካፍሎ በአምስት አባዛውና በዓመት ከሁሉ ያነሰችውን ገንዘብ አስቀመጠልኝ። እኔም ባሕረ ሐሳብ ቆጠርኩ። 5,500 ላይ 1535 ሲደመር 7,035፣ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት። የስድስት ቀን ይከፈለኝ ብያለሁ፤ ልጁ አላመነኝም፣ ስልኩን አውጥቶ እያካፈለ ነው።